ጃንጥላው ባይዘረጋ

መጀመሪያ የተሰማው የቆርቆሮው ጣሪያ ነው፤ ሰማይ ጠጠር እንደበተነበት ሁሉ ተንጣጣ። ልጅቷ ሻይዋን እንደጀመረችው ትታ ደረጃውን እየዘለለች ወደ ጣሪያው ወጣች። ቴክኒሻኑም ያገኘውን አንጠልጥሎ ተከተላት።

የቢሮ ሰዎች «ዶፍ» ይሏታል፤ ስትቆጣ መጠለያ አይገኝም ለማለት። ሥራዋ ዝናብ ማጠራቀም ነው። የስምንት አገር ተመራማሪዎች የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ የየትኛውን ባሕር ውሃ ተሸክሞ እንደሚመጣ ለማወቅ በየጣቢያቸው ጣሪያ ላይ ጠርሙስ ያስቀምጣሉ። ባለፈው ዓመት አምልጧታል። ዘንድሮም ካመለጣት ይህ ጣቢያ ይዘጋል፤ እሷም ሩቅ አገር ያለው ወንድሟ ሱቅ ገብታ ስኳር መመዘኗ ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

ጠርሙሱ ሥር ተንበርክካ ነፋስ ያዘመመውን መቆሚያ ስታቃና ዝናቡ አናቷ ላይ ቀጥ አለ። ቀና ስትል ጥቁር ጃንጥላ አየች፤ ከሥሩ ደግሞ የእሱን ፈገግታ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ብርድ እንዳይመታሽ ብዬ ነዋ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አንተ! ጠርሙሱ ውስጥ እየተንጠባጠበ እኮ ነው! የስንት ጊዜ አቧራ ጠጥቶ የከረመ ጨርቅ!»

ደንግጦ ጃንጥላውን ወረወረው። ምን ዋጋ አለው፣ ዝናቡም ያን ሁሉ ጫጫታ አሰምቶ ውልቅ አለ።

ወርደው ቢሮ ሲገቡ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። መቀመጥ ግን አልቻለችም።

«ዝም ብለሽ ላኪው። ማን ያውቃል?» አላት።

«እኔ አውቃለኋ! ያ ሁሉ ሰው በአንተ ጃንጥላ እጣቢ ይመራመር?»

እሱም ደሙ ፈላ። «አንቺ ለውሃ ትንገበገቢያለሽ! እኔስ? ጓዝሽን ጠቅልለሽ ስትሄጂ እጄን አጣጥፌ ልይ?»

«ታዲያ በውሸት ልታስቀረኝ ነው?»

ተፋጠጡ፤ ቀድሞ ዓይኑን የሰበረ ግን የለም።

ስልኩን አንስታ ለጥናቱ ኃላፊ ደወለች፤ እሱም እንዲሰማ ስፒከር ላይ አድርጋ።

«ዶክተር፣ ናሙናው ተበላሽቷል። ጃንጥላ ተዘርግቶበት ነበር።»

«ዝናብ በምንለቅምበት ጠርሙስ ላይ ጃንጥላ? የትኛው ጅል ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

ልጅቷ አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ውሸቷን ነው፣ ዶክተር!» ሲል ጮኸ። «ጅሉ እኔ ነኝ!»

ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሱ። «ሁለታችሁም ጤና የላችሁም። ሀቁን መናገራችሁን ወድጄዋለሁ፤ ጣቢያው ግን ይዘጋል።» ስልኩ ተዘጋ።

«ለውሃው አልዋሽም ብለሽ፣» አላት፣ «ለእኔ ዋሸሽ?»

«ዝም በል!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ በእንባዋም ተናደደች። «አንዲት ቃል ብትጨምር ይሄን ጠርሙስ አናትህ ላይ ነው የምሰብረው!»

አልጨመረም። እጁን ዘርግቶ ግንባሯ ላይ የተጣበቀውን እርጥብ ፀጉር ወደ ጎን አደረገላት። አልከለከለችውም። ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የት እንደምትሄድ አልነገረችውም። እሱም ቃል ተከልክሏልና አልጠየቃትም።