መርፌው እንዳይዘል

ሚዛን ወደ ሱቁ ስትገባ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ስፒከር ላይ ለጥፎ ነበር።

«ይቅርታ...» አለች።

ጠረጴዛውን በጣቷ አንኳኳች።

«ሰው አለ?»

ልጁ ዓይኑን ሳይገልጥ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ጠብቂ ማለቱ ነው። ሚዛን ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ። ከፓርክላንድስ ሰፈር በማታቱ ሚኒባስ ተጋፍታ፣ ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ የመጣችው የሰው ጣት ለማየት አልነበረም።

«ሱቅ ውስጥ እየተኛህ ነው የምትሸጠው?»

«እየሰማሁ ነው» አለ ቀና ብሎ። «ከሙዚቃው ኋላ እዝዝዝ የሚል ነገር አለ። የኮምፒውተሩ የራሱ ድምፅ ነው። ፖሌ፣ ይቅርታ፣ እሱን ሳላገኝ ሰው አይታየኝም።»

«እኔን ግን አሁን አየኸኝ።»

«አሁን አየሁሽ» አለና ወዲያው ዓይኑን ሰበር አደረገ።

እንዲህ ነው የተገናኙት፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሰባት፣ ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ስልክና ኮምፒውተር ቤቶች ትከሻ ለትከሻ በሚጋፉበት አንድ ፎቅ ላይ። ሕዝቅያስ ይባላል። አዲስ አበባ ተወልዶ ናይሮቢ ያደገ፣ ስለ ድምፅ ካነሱበት የማያባራ፣ ሌላ ነገር ካነሱበት ደግሞ ምላሱ የሚተሳሰር ልጅ ነው።

«አባቴ ሁለት መቶ የሚሆን የሙዚቃ ሸክላ አለው» አለች ሚዛን። «ኮምፒውተር ላይ እንዲገባለት እፈልጋለሁ። በምስጢር።»

«ለምን በምስጢር?»

«እሱ አይመለከትህም።»

ቆይታ ግን ነገረችው። ለማንም ያልነገረችውን ለማታውቀው ሰው ለምን እንደነገረች እሷም አልገባትም።

አባቷ አቶ ገብረመድህን ፓርክላንድስ ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ የሚመጣላቸውን ቅመም ከኢምባካሲ አየር ማረፊያ ካርጎ ያወጣሉ። ማታ ማታ ሸክላ መስማት ነበር ሕይወታቸው። አንድ ቀን ግን ሚዛን በበሩ ክፍተት አየቻቸው። መርፌውን ሊያስቀምጡ ሲሉ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ መርፌው ሸክላውን ከዳር እስከ ዳር ጫረው። አቶ ገብረመድህን ያያቸው ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብለው አዩና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሆናቸው፣ ሸክላ ነክተው አያውቁም። ሲጠየቁ «ሰለቸኝ» ነው መልሳቸው። ሚዛን እንዳየች ቢያውቁ ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው የሚመርጡ ሰው ናቸው።

«ኮምፒውተር ገዛሁለት፤ ዘፈኖቹን ሌላ ቦታ አስጫንኩለት። አምስት ደቂቃ ሰማና “ይሄ ዘፋኝ ጉንፋን ይዞታል” ብሎ ተነሳ።»

ሕዝቅያስ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «አባትሽ ልክ ናቸው። ቅጂው ቦታ እንዳይዝ ሲያሳንሱት ከድምፁ ቆርጠው ይጥላሉ። የቀረውን ደግሞ ኮምፒውተሩ በራሱ ጩኸት ያበላሸዋል። እኔ ሸክላውን ምንም ሳልቆርጥ እቀዳዋለሁ። ሲጫወትም ድምፁ በትንሽ ሳጥን ከኮምፒውተሩ ውጭ ይወጣና ወደ አባትሽ የድሮ አምፕሊፋየር ይገባል። ግን አርባ ደቂቃ የሚፈጀውን ሸክላ ለመቅዳት አርባ ደቂቃ ነው። አቋራጭ የለውም።»

«ሁለት መቶውን?»

«ሁለት መቶውን።»

ሕዝቅያስ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት መምጣት ጀመረ፤ አቶ ገብረመድህን ሲወጡ ይገባል፣ ሳይመለሱ ይወጣል። የሳሎኑ ወለል አሮጌ ጣውላ ነው። ሰው ከተራመደበት መርፌው ይዘላል፣ የተቀዳው ይበላሻል። ስለዚህ ሕዝቅያስ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል፣ ሚዛንም ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤ የሸክላው አንድ ጎን እስኪያልቅ ሃያ ደቂቃ ንቅንቅ የለም። ማውራትም ክልክል ነው፤ «ድምፃችን መርፌው ውስጥ ይገባል» ይላል። ሚዛን አላመነችውም፤ ግን ዝም አለች።

በዓይን አይተኸኛል አላየኸኝም እየተባባሉ ሃያ ደቂቃ ዝም ማለት ጭንቅ ነው። በሁለተኛው ቀን የምግብ ቤቱን የትእዛዝ ደብተር አነሳችና ጻፈች።

«ሻይ?»

ሕዝቅያስ ከሥሩ ጻፈ። «ጎኑ ሲያልቅ።»

«ቤተሰብህ እዚህ ናቸው?»

«እናቴ ብቻ። ኢስሊ ሰፈር ነን።» ትንሽ አሰበና ጨመረበት። «እጮኛ አለሽ?»

ሚዛን እርሳሱን እንደያዘች ቀረች። ዘፈኑ አለቀ፣ ሌላው ጀመረ፣ እሱም አለቀ። ሕዝቅያስ ሸክላውን ሊገለብጥ ሲነሳ «የለኝም» ብላ ጽፋ ደብተሩን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችለትና ወደ ኩሽና ሮጠች።

እያንዳንዱን ጎን ቀድቶ ሲጨርስ መልሶ ከኮምፒውተሩ ያሰማታል። ሥራው ሲሰምር የሕፃን ፈገግታ ይፈግጋል፤ ያ ፈገግታ አንጀቷን ይበላው ነበር። ስጋቱ ግን አንድም ቀን አልለቀቃትም። በር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ጆሮዋን ትቀስራለች። «ስቲማ ጠፋ!» ተብሎ መብራት የተቋረጠ እንደሆነ የተቀዳው ሁሉ ይሄዳል፣ ከሀ ይጀመራል፣ ሰዓቱ ደግሞ ይሮጣል። አባቷ ማታ ሲገቡ ሳሎኑን በዓይናቸው ዞር ዞር ሲያዩት ቶሎ ብላ እራት ታቀርባለች።

ወራት እንዲህ አለፉ። አራት ሸክላ ሲቀር፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ሕዝቅያስ ደብተሩን ወደ እሷ ገፋው።

«እወድሻለሁ። ለአባትሽ ልንገራቸው።»

የመጀመሪያው ቃል ልቧን ሲያሞቀው ሁለተኛው አቀዘቀዘው። ሚዛን መርፌውንም ሕጉንም ረሳች።

«አብደሃል?» ብላ ጮኸች።

«ሰውዬው በሌሉበት ቤታቸው እየገባሁ ሌባ ሌባ ይሸተኛል፣ ሚዛን።»

«ለምን መጣህ ሲልህ ምን ልትለው ነው? እጅህ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሸክላ ማስቀመጥ ስላቃተህ ነው ልትለው?»

«እንደዛ አልልም...»

«ስለ እጁ አንዲት ቃል ካወጣህ እኔና አንተ አበቃን!»

ሕዝቅያስ ገመዶቹን መሰብሰብ ጀመረ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ። «ተደብቄ ግን አላገባሽም» ብሎ ወጣ።

ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። ስምንት ሆነ። ስልኩን ስትሞክር «ምቴጃ...» የምትለዋ ሴትዮ ደንበኛው አይገኝም አለቻት። አሥር ጊዜ ሞከረች፤ ሴትዮዋ አሥር ጊዜ መለሰችላት። ተወኝ አለች በሆዷ። በገዛ አፌ አባረርኩት!

አሥር ሰዓት ሲል የሳሎኑ በር ተከፈተ። አባቷ ገቡ። ከኋላቸው ሕዝቅያስ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ሚዛን ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«ነገርከው?» አለችው።

«ሚዛን፣ ስሚኝ...»

«አደራዬን በላህ! ውጣልኝ!»

«ተይው» አሉ አቶ ገብረመድህን። «እሱ ምንም አልነገረኝም። የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«ባለፈው ሐሙስ። ስትጮሂ በዚያ መስኮት ሰማሁሽ።»

ሚዛን መስኮቱን ዞራ አየች። አቶ ገብረመድህን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ከወር በላይ ሆነኝ። ካርጎው ዘገየና ቶሎ ተመለስኩ። ሙዚቃ ሰማሁ። በመስኮት ባይ ወንድ ልጅ በካልሲ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጧል! ዱላ ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞርኩ። አገኘሁም።» ቆም አሉ። «ግን ዘፈኑ ነፍሷን ይማርና እናትሽ የምትወደው ነበር። እሱ ይለቅ ብዬ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ሌላው ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ካርጎ የሚሄደው አስተናጋጁ ተክሉ ነው። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ጓሮ ነኝ።»

«አባዬ! ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገር ያቆማላ!»

ለካ ሕዝቅያስ ከሰዓቱን ያሳለፈው ኢምባካሲ ነበር፤ ስልኩን ዘግቶ አቶ ገብረመድህንን ፊት ለፊት ሊያናግር ሄዶ። ተክሉ «ጋሼ እዚህ ከመጡ ቆዩ» ሲለው ደንግጦ ወደ ፓርክላንድስ ተመለሰ። በጓሮ በኩል ሲገባ ሽማግሌው የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠው አገኛቸው። ገና አፉን ሳይከፍት «ዛሬ ለምን ዘገየህ?» አሉት።

«ዘፈኑን ሁሉ ሁለት ሁለቴ ነበር የምትሰሙት» ቀጠሉ አቶ ገብረመድህን። «አንዱ ሸክላው፣ አንዱ ይሄ ማሽን መሆኑ ገብቶኛል። የቱ የቱ እንደሆነ ግን... አላወቅሁትም። እኔ!»

ሕዝቅያስ ፈገግታውን መደበቅ አቃተው።

«ጨዋነቱንም ወደድኩለት። እስካለፈው ሐሙስ ድረስ አንዲት ቃል ሲተነፍስልሽ አልሰማሁም። እንዲህ ያለ ልጅ ዘንድሮ የት ይገኛል?»

ሚዛን የትእዛዝ ደብተሩን ቀስ ብላ የወንበሩ ትራስ ሥር ሸጎጠችው።

አቶ ገብረመድህን ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። እጁ ይንቀጠቀጣል። ሚዛን ሄዳ በሁለት እጇ ያዘችው፤ እንባዋን ማቆም አልቻለችም።

«ይቅር በለኝ አባዬ።»

«አይዞሽ። መደበቁ ከመንቀጥቀጡ ይልቅ አደከመኝ» አሉ። «የቱን ቁልፍ ነው የምጫነው?»

ሕዝቅያስ ገመዶቹን መልሶ ሰክቶ አሳያቸው። ጣታቸው ሁለት ጊዜ ሳተው፤ በሦስተኛው ተጫነው። የሚጫር ነገር አልነበረም። ሙዚቃው ጥርት ብሎ ሳሎኑን ሞላው፤ አቶ ገብረመድህን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጋሼ» አለ ሕዝቅያስ፣ «እኔ ሚዛንን...»

«እሱ በአንተ አፍ አይነገርም» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሽማግሌ አለው።»

ሽማግሌ ላክ ማለት ደግሞ እሺ ማለት አይደለም። ሚዛን ከዚያ ቀን እስከ እሑድ እንቅልፍ አላየችም። አባቷ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። «እሺታ ሳናገኝ አንቀመጥም» ብለው እንደ ወጉ ቆሙ፤ ቆመውም ጉዳያቸውን ተናገሩ። አቶ ገብረመድህን ሙዚቃ ከፍተው ነበር።

«ዘፈኑ ይለቅና እመልስላችኋለሁ» አሉ።

ሚዛን ከኩሽናው በር ኋላ ሆና ዘፈኑን አወቀችው። ከቤቱ ዘፈን ሁሉ ረጅሙ ነው። የአንደኛው ሽማግሌ ጫማ ሲጮህ ይሰማታል፣ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ አባቷ አይናገሩም። እምቢ ሊሉ ይሆን? መልሱን ለማለዘብ ይሆን የሚያቆዩአቸው? ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

ዘፈኑ አለቀ።

«እንግዲህ ተቀመጡ፣ ልጆቼ ናቸው» አሉ አቶ ገብረመድህን።

ወንበር ሲንኳኳ ሰማች። ስልኳን አውጥታ ደወለች። ሕዝቅያስ ከግቢው ውጭ፣ አጥሩ ሥር ነበር፤ ገና ሳይጠራ አነሳው።

«ሚዛን? ምን አሉ? ሚዛን!»

ለቅሶዋ አላናግር አላት።

«በናትሽ ንገሪኝ!»

«ተቀምጠዋል!» አለችው።