እምቦጩ መሃል የቀረው መምህር

ቲቸር አገኘሁን ከእምቦጩ ለማውጣት አራት ጎልማሶች ማጭድ ይዘው ገቡ። አረሙ የጣናን ዳር እንደ ስጋጃ ሸፍኖት ዝሆን ቢሄድበት የሚሸከም ይመስላል። አስከሬኑ ሣሩ ላይ ሲጋደም የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ያለቀሱት ልቅሶ ጎርጎራ ድረስ ተሰምቷል፤ የሚጠራጠር ሄዶ ይጠይቅ።

ኢንስፔክተር ወለተ ሩፋኤል አላለቀሰችም። ድንጋይ ብትመረምር ድንጋዩ ይናዘዝላታል የሚባልላት ሴት፣ ሐይቁ ዳር ወደቆመው ዋርካ ሄደች። አንድ የደንገል ታንኳ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ግንዱን ተደግፏል፤ ውሃው ገና ይንጠባጠባል።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ እመቤቴ» አለ ዓሣ አስጋሪው ቡርሀን። እጁ በካቴና ታስሯል፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጁ ሰሊማ ኮቱን ይዛለች። «ቲቸር እምቦጩን ልይ ብሎ ወሰደው። እኔ ለጁምዓ ሄድሁ። ወላሂ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም!»

«ትናንት ግን ጮኸህበታል።»

«ጮህሁ እንጂ! አረሙ የመጣብኝ ከነሱ ኩሬ ነዋ!»

ርዕሰ መምህርት የሺአረግ እውነቱን ነው አሉ። ተማሪዎቹ ሥነ ምኅዳር እንዲማሩበት አገኘሁ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ኩሬ አስቆፍሮ፣ ዓሣና ደንገል አስገብቶበት ነበር። «አንድ ሰው እምቦጭ ጨመረበት። ዝናቡ ጠርጎ እዚህ አወረደው። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።»

ሁለተኛው የሳይንስ መምህር ገድሉ ዓይኑ አብጧል። «እኔ ሐይቅ የሌለበት አገር፣ የመራዊ ልጅ ነኝ» አለ ሳይጠየቅ። «ታንኳ በእጄ ነክቼ አላውቅም።»

ኢንስፔክተሯ ታንኳውን አስወርዳ አንዱን ፖሊስ አስቀዘፈችው። ሲመለስም፦ «ገድሉ፣ እባክህ አውጥተህ እዚያ ሣሩ ላይ ጣልልኝ» አለችው።

ገድሉ ጎተተ፣ ተሸከመ፣ ሁለት ጊዜ አራገፈ፤ ሣሩን አልፎም ዋርካው ላይ አቆመው። ገድሉ የራሱን እጆች አያቸው።

«አገኘሁ ብቻውን ሰጥሞ ቢሆን ታንኳው አረሙ መሃል በቀረ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሰው ይዞት ተመልሷል። ቡርሀንን መስጊድ ሙሉ ሰው አይቶታል፤ ወይዘሮ የሺአረግ ከክፍል አልወጡም። ውሃው ያልተንጠፈጠፈ ደንገል ይበሰብሳል። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ታንኳውን ሳያቆም አይሄድም። ጣለው ስልህ እንኳ አልቻልህም።»

«አያቴ ታንኳ ሠሪ ነበሩ» አለ ገድሉ ቀስ ብሎ። «ኩሬው ውስጥ የጨመርሁት እኔ ነኝ። አንዲት ሥር ብቻ፤ ሲባዛ ልጆቹ በዓይናቸው ይዩት ብዬ። አገኘሁ ደረሰበት፤ ያደረሰውን ላሳይህ ብሎ ታንኳው ላይ ጫነኝ። ሰኞ ለልጆቹ ንገራቸው አለኝ። አፈርሁ፤ ተጣላን፤ ገፋሁት። ዋና ይችላል ብዬ ነበር። ሥሩ እግሩን ያዘው። በስሜ ጠራኝ።»

«አንተስ?»

«ቀዘፍሁ።»

ወዴት እንደቀዘፈ የጠየቀው የለም። ኢንስፔክተሯ የቡርሀንን ካቴና ፈታች። ሰሊማ የአባቷን ኮት ለቅቃ ወደ መምህሯ ወደ ገድሉ ቀረበች።

«ቲቸር» አለችው፣ «ቢነግሩን እኮ እንነቅለው ነበር።»