ያልላላው ጥቅል

ዋናው የቀዶ ጥገና ሐኪም በቢሯቸው ሶፋ ላይ በጀርባቸው እንደተንጋለሉ ሞተው ሲገኙ፣ አገጫቸውና ሸሚዛቸው ትውከት በሚመስል ነገር ተለውሰው ነበር። የሆስፒታሉ ሰው ለመፍረድ አልዘገየም፤ ራት በልተው ተኙ፣ አስመለሳቸው፣ ትንታ አፈናቸው ተባለ። ራቱን ያመጣችላቸው ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ «እኔ ነኝ የገደልኩት! አልራበኝም እያለኝ ለምኜ አበላሁት» እያለች ታለቅሳለች።

መርማሪዋ ራሷ ቃር የማይለቃት ሴት ናት፤ ቦርሳዋ ውስጥ የማስታገሻ ኪኒን ጠፍቶ አያውቅም። አንዱን እያኘከች ጎንበስ ብላ ሸሚዙን አሸተተች። ነገሩ አልዋጥ አላት። ከሟቹ ጭንቅላት ሥር ያለውን ትራስ ስትገለብጠው ደግሞ፣ በታችኛው ገጹ ላይ የደረቀ ምራቅና የደም ነጠብጣብ አየች።

«ዶክተር፣ ሰውዬው የሆድ ሕመም ነበረባቸው?» ስትል የሟቹን ረዳት ጠየቀችው።

«ቃር ያሠቃያቸው ነበር። ከዓመታት በፊት እኔው ነኝ ቀዶ ጥገና ያደረግኩላቸው። አሲዱ ወደ ላይ እንዳይመለስ የጨጓራውን አናት በምግብ ቧንቧው ላይ ጠቅልለን እንሰፋለን፤ ወይ ዙሪያውን ሙሉ፣ ወይ በከፊል። የሳቸው ሙሉ ነው፤ በየዓመቱም ጨጓራቸውን በካሜራ አየዋለሁ። እንኳን ለማስታወክ ለማግሳትም አይመችም።»

«የትኛው ይሻላል?»

«ጠቡ እሱ ላይ አይደል! በሁለቱም መንገድ የታከሙትን ለዓመታት ተከታትለው ሲያወዳድሩ ኖረዋል። ውጤቱን ዛሬ በጉባኤ ሊናገሩ ነበር፤ ለእኔ እንኳን አልነገሩኝም።»

ቀጥላ ያነጋገረችው የሟቹን የልጅነት ወዳጅ ነው፤ የከፊሉ ጥቅል ዋና ጠበቃ የሆኑ አዛውንት ሐኪም።

«ሙሉው ጥቅል ዓመታት ሲያልፉ ይላላል ብዬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ነገርኩት» አሉ አዛውንቱ። «አልሰማኝም። ይኸው በራሱ ደረሰ።»

«ትናንት አግኝተዋቸው ነበር?»

«ልጅቷ ስትወጣ ብቅ ብዬ ነበር። ተኝቷል፤ ሳልቀሰቅሰው ተመለስኩ።»

አስከሬኑ ከተመረመረ በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«የቃርን ሽታ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አለች። «ሸሚዙ ላይ ግን የኮመጠጠ ነገር አልሸተተኝም። የፈሰሰባቸው ከራት የተረፈ ሾርባ ነው። ጉሮሯቸው ንጹሕ ነው፤ ጥቅሉም እንደተሰፋበት ቀን ጥብቅ ነው። አላስታወኩም። በትራስ ታፍነው ነው የሞቱት፤ ከዚያ ትራሱ ተገልብጦ ከራሳቸው ሥር ገባ።»

ልጅቷ ቀና አለች።

«ልጃቸው ብትሆን ጥፋቱን በራሷ ሾርባ ላይ አትጥለውም ነበር። ረዳታቸው ደግሞ በየዓመቱ በካሜራ እያየ ጥቅሉ እንዳልላላ ያውቃል፤ ሌላ ዘዴ ይፈልግ ነበር። በትውከት የሞቱ የሚያስመስለው፣ የጥቅሉን መላላት የማይጠራጠር ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ አዛውንቱ ዞሩ። እሳቸው ግን ስለ ሞቱ አንድም ነገር አላነሱም።

«እውነት… አልላላም?»

«አልላላም።»

«ዕድሜ ልኬን የሠራሁትን በሰው ፊት ሊያፈርስብኝ ነበር» አሉ። «ውጤቱን ንገረኝ ብዬ ለመንኩት። ነገ ትሰማለህ ብሎኝ ሳቀና ጋደም አለ። የሳቀው በእኔ መሰለኝ።»

ልጅቷ ተነሥታ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ሾርባውን እየጠጣ ምን እንዳለኝ ልንገርዎት? ‹ቃርን በማስቆም ሁለቱም እኩል ወጡ። የሱ ግን ሰውን ያስገሳል፤ እንደኔ ሆዱ ተነፍቶ አያድርም። ወዳጄ በለጠኝ። ነገ በሰው ሁሉ ፊት እመሰክርለታለሁ፤ እንዳትነግሪው፣ ድንገት ላስደስተው› ነው ያለኝ።»

አዛውንቱ ሶፋው ላይ ሊቀመጡ ጎንበስ ብለው፣ የማን እንደሆነ ትዝ ሲላቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሁን የምታለቅሰው ለአባቷ ብቻ ነበር።