በዋን ፕራ የሞቱት አሥራ ሁለት አይጦች

ዶክተር ኦራታይ ሞታ የተገኘችው የምርምር አይጦች በጋዝ በሚገደሉባት ጠባብ ክፍል በር ሥር ተኮራምታ ነው። ጥፍሮቿ ተሰባብረዋል። በሩ የሚቀረቀረው ከውጭ ብቻ ነው፤ የጋዙ ሲሊንደርም የቆመው ኮሪደሩ ላይ ነው። ያን ጠዋት የኮን ኬን ከተማው ላቦራቶሪ ሠራተኞች ሻይ እየጠጡ ፖሊስ ጠበቁ።

ኢንስፔክተር ቻሊዳ ስትደርስ ጥፋተኛዋ «ተገኝታ» ጠበቀቻት። ሃያ ሁለት ዓመት አይጦቹን የተንከባከቡት እማማ ቡንሩዋም ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቆመዋል።

«በዓይኔ አይቻለሁ» አለ የሟቿ ምክትል ዶክተር ካምሮን። «ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአሥራ ሰባት ቁጥር ሳጥን አይጦችን ገደሉ፤ አሥራ ሁለቱንም። ከዚያ ጋዙን ሳይዘጉ በሩን ቀርቅረው ሄዱ። ኦራታይ ጥግ ላይ ጎንበስ ብላ ስትሠራ አላዩዋትም። አርጅተዋል እኮ፣ ምን ይደረግ!»

«መዝገቡም ይኸው» አለ የእንስሳት ቤቱ ኃላፊ ኩን ሱራፖን። የዛሬ ቀን፣ አሥራ ሁለት አይጥ፣ የእማማ ፊርማ።

«እማማ፣ የርስዎ ጽሕፈት ነው?»

«የኔ ነው ልጄ።»

«ታዲያ ገድለዋል?»

ሴትዮዋ ኃላፊውን ሰረቅ አድርገው አዩ። እስር ቤት ደጃቸው ቆሞ ሳለ ሌላ የሚፈሩት ነገር አላቸው ማለት ነው። ቻሊዳን አንጀቷን በሏት። አሁን ነጩን ልብስ አስተዋለች፤ ቤተ መቅደስ የሚኬድበት ልብስ ነው። ብቻዋን ወደ አይጦቹ ክፍል ገባች። ስትመለስ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ሐሙስ ነዋ!»

«ዋን ፕራ ነው፤ የቡድሃ አማኞች የተቀደሰ ቀን። ሙሉ ጨረቃ። እማማ በዋን ፕራ ነፍስ አያጠፉም። መዝገቡ ደግሞ እስከ ነገ ድረስ ተሞልቷል፤ የሳምንቱን ሰኞ ጽፈው ይጨርሱና፣ የበዓሉን ተራ ለማግስቱ ያሳድራሉ። ተሳሳትኩ እማማ?»

እማማ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ቤተ መቅደስ ነበርኩ። ኩን ሱራፖን መዝገብ አበላሽተዋል ብለው እንዳያባርሩኝ ብዬ ነው…»

«ኦራታይ ይህን ታውቅ ነበር። ዛሬ ጋዝ የሚከፍት የለም ብላ ያለ ሥጋት እዚያ ገባች። እርስዎ ግን ዶክተር፣ የሚያውቁት መዝገቡን ብቻ ነው።»

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት! አይጦቹ ሞተዋል!»

ቻሊዳ ከአይጦቹ ክፍል ያመጣችውን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አሥራ ሁለት አይጦች፣ ጆሯቸው ላይ የአሥራ ሰባት ቁጥር ምልክት ያለባቸው፣ አፍንጫቸውን ወደ ካምሮን አንቀሳቀሱ። ካምሮን እስከ ግድግዳው አፈገፈገ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ፈራ፤ ከነፍሰ ገዳይ ጋር ከንጋት ጀምሮ ሻይ ሲጠጣ ኖሯል።

«ከነዚህ አይጦች አንድ ጂን አጥፍቻለሁ ብለው ጽፈዋል» አለች። «የሴል ኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ሲበላሽ፣ ‹ይህ ይጣል› የሚል ምልክት የሚያስለጥፈውን ጂን። እሱ ከሌለ ሴሉ ቆሻሻውን ታቅፎ ይታመማል። እርስዎም መድኃኒት አገኘሁ አሉ። ኦራታይ ከጆሯቸው ቁራጭ ወስዳ መረመረች፤ ጂኑ በአሥራ ሁለቱም ላይ አለ። ውጤቱ ኪሷ ውስጥ ነበር። መድኃኒትዎ ያዳነው ያልታመመውን ነው። አይጦቹ ተገድለው ሬሳቸውም ተቃጥሏል ብለው ሲያምኑ፣ የቀረችው ምስክር እሷ ብቻ መሰለችዎት፤ በሩን ቀርቅረው ጋዙን ከፈቱባት፣ ጥፋቱንም በእማማ ላይ ጣሉ።»

 ፖሊሶቹ ካምሮንን ይዘው አወጡት።

ኩን ሱራፖን መዝገቡን ዘጋ። «እማማ፣ የርስዎን ነገር ነገ እንነጋገራለን።»

እማማ ግን ያዩ የነበረው ሳጥኑን ነው። «ልጄ… እነዚህስ? ነገ ተራቸው ነው፤ እጄ እንዴት ይታዘዘኛል?»

«ማንም አይነካቸውም፤ ምስክር ናቸው። እርስዎም ጠባቂያቸው ነዎት፤ ችሎት እስኪያልቅ እርስዎን ከዚህ ማስወጣት የፖሊስ ፈቃድ ይጠይቃል» አለች ቻሊዳ፣ ኃላፊውን እያየች። «ፍርድ ቤታችን ደግሞ አይቸኩልም።»

እማማ ያኔ ገና አለቀሱ።