ዝናብ የማታውቅ ፊያት

«ጎበዝ! ከፀሐይ ልታስገቢያቸው ነው?» አሉ አባቷ።

ጸደይ ሁለቱን የዝናብ መጥረጊያዎች ነቅላ ከአሮጌዋ ፊያት ፊት ቆማ ነበር። አባቷ መምህር ፍቅረሥላሴ አሰብ ከተመደቡ ጀምሮ፣ ጎማቸው በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ በጋዜጣ ጠቅልለው አልጋ ሥር ያስቀምጧቸው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ። ትናንት ገና ነው ለመንገድ ብለው የገጠሟቸው። አልሠሩም።

«ላስገባቸው አይደለም» አለች። «የመጥረጊያውን ሞተር ልፈታው ነው።»

የአባቷ ፈገግታ ጠፋ። «መካኒኩ ይመር ሞተሩ ተቃጥሏል አላለም? ተዪው!»

እናቷ ደሴ ከተማ፣ አክስቷ ቤት ታማ ከተኛች አራት ወር ሊሞላት ነው። አሁን ተሽሏታል፤ ግን በጭነት መኪና ለመምጣት አቅም የላትም። ፊያቷ ሄዳ ታምጣት እንጂ። በነሐሴ ዝናብ ያለ መጥረጊያ የደሴን ዳገት መውጣት ደግሞ አይታሰብም። ሌላ ሞተር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ትምህርት ይከፈታል፤ መምህሩም ከተማውን ለቀው መሄድ አይችሉም።

«ሲያበሩት እኮ ያጉረመርማል፣ አባባ። የተቃጠለ ሞተር አያጉረመርምም።»

ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ሳቀ። ጎረቤታቸው መካኒኩ ይመር ነው።

«አሰብ ላይ የዝናብ መጥረጊያ! ለግመሎቹም ጃንጥላ እንግዛላቸዋ! ስሚ ኢንጂነር፣ እኔ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመቴ ነው።»

«ጋሼ ይመር፣ ከፍተው አይተውታል?»

ይመር ወደ አባቷ ዞረ።

«ጸደይ! መልሰሽ ግጠሚው!» አሉ አባቷ።

ፒንሳውን ግን አላስቀመጠችም። ሞተሩን ከመጥረጊያዎቹ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ያሰረውን ዳዶ ፈትታ ዘንጉን አላቀቀችና ማብሪያውን ጫነችው።

ሞተሩ ዞረ። ያለ ምንም ችግር ዞረ።

ይመር አጥሩን ዞሮ መጣ። ጸደይ የመጥረጊያዎቹን መሰኪያ ብረቶች በፒንሳ ያዘቻቸው። የቀኙ ተንቀሳቀሰ፤ በሾፌሩ በኩል ያለው ንቅንቅ አላለም። ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል።

«ጨው ነው» አለች፤ አባቷን ቀና ብላ እያየች። «ጎማውን ከፀሐይ አዳኑት። ብረቱ ግን ሦስት ዓመት አልተነካም። የባሕሩ ጨው በላው።»

እንዲህ ብላቸው አታውቅም። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ብረቱን አዩት።

«ላምባ ጠብ አድርጊበት» አለ ይመር፤ አሁን አልሳቀም። «በጉልበት ከታገልሽው ይሰበራል።»

ከሰዓት በኋላ አዛን እስኪሰማ ድረስ ላምባ እያንጠባጠበች ብረቱን ወዲያና ወዲህ አለችው። መጀመሪያ የፀጉር፣ ቀጥሎ የጣት ስፋት ያህል ተንቀሳቀሰ። ቡናማ ዝገት ወረደ፤ ቀጥሎ ብረቱ ለቀቀ። ግሪስ ቀብታ ሁሉንም ገጠመችው። ያኔ አባቷ ራሳቸው በጆግ ውሃ አምጥተው መስተዋቱ ላይ ደፉት። መጥረጊያዎቹ የአቧራውን ጭቃ ይዘው ሄዱ፤ ተመለሱ።

«እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው» አለ ይመር።

«አላሉም» አለች ጸደይ።

አባቷ ሳቃቸው መጣባቸው። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ጋዜጣ ይዘው ወደ መጥረጊያዎቹ ተጠጉ። ጸደይ መሐል ገብታ ቆመች።

«መጥረጊያዎቹ እዚያው ይቆዩ፣ አባባ።»

ጋዜጣውን አጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉት።

በማግስቱ ማለዳ ተነሡ። ሚሌን አልፈው ባቲ ሲደርሱ ዝናቡ ጀመረ። ጸደይ እጇን ዘርግታ ማብሪያውን ጫነችው።