በቢጠና ቁልቁለት የተከተለን ኮቴ

በ1996 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከቦዲቲ ወደ ቢጠና በሚወርደው የእግር መንገድ ላይ፣ እኔና አባቴ ሞተር ብስክሌቱን አጥፍተን በቁልቁለት እየወረድን ሳለ ከኋላችን የፈረስ ኮቴ ሰማን። ዞሬ አየሁ። ፈረስ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም። በዞናችን ለረጅም ጊዜ በዘጋቢነት ሠርቻለሁ፣ ሌሊት የሚያለቅስ ዛፍ አለ ሲባል ሄጄ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ሲፋተግ ያገኘሁ፣ ደም የሚያፈልቅ ምንጭ አለ ሲባል ሄጄ ቀይ አፈር ያገኘሁ ሰው ነኝ፣ ቤታችንም የጸሎት ቤት ስለሆነ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር እናቴ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ታቋርጠዋለች። ስለዚህ የምጽፈው የሰማሁትንና ያየሁትን ብቻ ነው፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ እመኑኝ፣ እኔም የለኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሞተሩ ነው። ያኔ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የምወጣው በተገኘው መኪና ነበር፣ ካልተገኘ በእግሬ፣ ስደርስ ዜናው አርጅቶ ይጠብቀኛል። ጉኑኖ አጠገብ የሚያርሰው አባቴ ይህን ያውቅ ነበርና አንድ ቀን ሳያማክረኝ ቡላን ቦዲቲ ገበያ ወስዶ ሸጠው። ቡላ ፈረሱ ነው፣ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው፣ ከእንሰት የሚወጣውን ቡላ ይመስላል። ብሩን በመሀረብ ቋጥሮ እኔ ወደምኖርባት ሶዶ መጣና «ሞተር ግዛበት» አለኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም።

መካኒኩ ታዴ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ጋራዡ ሁለት ሞተር አውጥቶ አቆመልን። አንዱ አዲስ፣ ዝቅ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ የአስፋልት ሞተር ነው፤ ሌላው ከአንድ ፕሮጀክት በጨረታ የወጣ የጃፓን ሞተር፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ። ዓይኔ አዲሱ ላይ ነበር። አባቴ ግን ሁለቱንም ዞሮ ዞሮ አየና ከአሮጌው ሥር ተንበረከከ።

«የዚህስ ጥርሱ የት ነው የሚታየው?» አለ።

«አባ፣ ሞተር በጥርስ አይገዛም» ብሎ ታዴ ሳቀ። «ካሉ ግን ጎማው ይኸውልዎት፣ ጥርሱን ይቁጠሩ።»

አባቴ የጎማውን ጥርስ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ይኼ ገና ወጣት ነው፣ ጭቃ ይቆነጥጣል። ያኛው ጌጠኛ ነው፣ ለሠርግ ይሁን።»

«ሰማህ ጋዜጠኛው?» አለኝ ታዴ። «እኔ ብዬህ ቢሆን ኖሮ እስከ ማታ ትከራከረኝ ነበር።»

አሮጌውን ገዛን፣ ታዴም ለእኛ መንገድ ሲያሰናዳው ሁለት ቀን ፈጀ። ዳገት ላይ እንዳያንገራግር ካቴናው የሚዞርበትን የኋላውን ጥርስ በትልቅ ቀየረው፣ ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ጉልበት ያገኛል አለ፣ ጎማው ድንጋይ ላይ እንዳይነጥር ነፋሱን አጎደለው፣ ንዝረት የሚችለውን የኋላውን ሞላ ሲያስተካክል ደግሞ አባቴን ከኋላዬ አስቀመጠው፣ ለአንድ ሰው ብቻ ከሠራሁት ሁለተኛው ሲወጣ ሆዱ ድንጋይ ይመታል ብሎ። በመጨረሻ ካቴናውን በጣቱ ከፍ እያደረገ «ይኼ ከላላ ይማታል፣ ኳ ኳ የሚል ከሰማህ ወርደህ አጥብቀው» አለኝ።

አባቴ ከተቀመጠበት አልወረደም። «የመጀመሪያው መንገዳችን ቢጠና ነው» አለ።

«ቢጠና ምን አለ፣ አዋ?» አልኩት። በቤታችን ቋንቋ አባቴን አዋ ነው የምለው።

«ቡላ።»

ከዚያ ነገረኝ። ቡላ በልጅነቱ የግራ የኋላ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ድኗል፣ ይሄዳል፣ ይጋልባልም፣ ብቻ ያ እግር ከሌሎቹ ዘግየት ብሎ ነው መሬት የሚነካው፣ ጭነት ተሸክሞ ቁልቁለት ከወረደ ደግሞ ይከዳዋል። ይህን ለገዢው አልተናገረም።

«ጠይቆህ ነበር?»

«አልጠየቀኝም። እግሩን ሊያይ ጎንበስ ሲል እኔ ስለ ጥርሱ ማውራት ጀመርኩ፣ ቀና አለ።» መቀመጫውን በእጁ ዳሰሰ። «የበቆሎ ጊዜ ነው። መጫን ሳይጀምር ልንገረው። እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ታዴ መፍቻውን በጨርቅ እየጠረገ አንዴም ቀና ብሎ አላየንም።

ቅዳሜ ዕለት ወጣን። እስከ ቦዲቲ ዋናው መንገድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሰውና ከብት ያወጣው ቀጭን መንገድ፣ ድንጋይና አቧራ። ሞተሩ እንደ ተባለው ነበር፣ ድንጋዩን እየረገጠ ያልፋል፣ ሆዱ አንዴም አልተነካም፣ አዲሱን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ እዚያው እንቀር ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር አጠፋሁት። በእኛ አገር ቁልቁለት ላይ ሞተር የማያጠፋ የለም፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ነው፣ ታዴ ስንቴ ተቆጥቶኛል፣ ካምቢዮውን ዜሮ አድርጎ ፍሬን ይዞ መልቀቅ ነው።

ሞተር ሲጠፋ አገሩ በሙሉ ይሰማል። መጀመሪያ ካቴናው ነው ያልኩት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይልና፣ አፍታ ቆይቶ፣ ኳ። ፍሬን ያዝኩ፣ ቆምን፣ ድምፁም ቆመ። ወርጄ ካቴናውን በጣቴ አነሳሁት፣ ታዴ እንደ ተወው ጥብቅ ነው። ከጎን ያሰርነውን የነዳጅ ጀሪካን ነካሁት፣ አልላላም። አባቴ ጫማውን መርገጫው ላይ ያንኳኳ እንደሆነ ብዬ እግሩን አየሁ፣ በሸራ ጫማ ነው፣ እሱ ምንም ድምፅ አያወጣም። ከኋላችን መንገዱ እስከ ላይኛው ኩርባ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል፣ ሰው የለም፣ ከብት የለም።

«አዋ፣ ሰምተሃል?»

«ሂድ» አለኝ።

እንደገና ለቀቅኩት። ሦስቱ ተከታትለው፣ አራተኛው ዘግይቶ። አሁን ቀርቧል። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ፍሬን ስይዝ ይቀንሳል፣ የአባቴም እጆች ትከሻዬ ላይ ጠበቁ። እኔ ምን አደረግኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁት፣ ከጩኸቱ ሌላ የሚሰማ ነገር እንዳይኖር።

«አጥፋው!» አለ አባቴ።

«ለምን?»

«አጥፋው አልኩህ እኮ! አልሰማውም።»

አጠፋሁት። መሃል ላይ ከጎን የሚወጣ ምንጭ መንገዱን አርሶታል፣ ወደ አሥር እርምጃ የሚሆን ቀይ ጭቃ ነው፣ ጎማው ሰምጦ እየተንሸራተተ አለፈ። እኛ ደረቁ ላይ ከወጣን በኋላ የኮቴው ድምፅ ተለወጠ፣ ጭቃ የሚረግጥ ነገር ድምፅ ሆነ፣ ቀጥሎም እንደገና ደረቁ ላይ። ያኔ የፈረስ ላብ ሸተተኝ። አባቴ በቋንቋችን፣ ሰው ፈረሱን ከመስክ ሲጠራ በሚያሰማው በዚያ ለስላሳ ድምፅ፣ አንድ ነገር አለ፣ ለእኔ አልነበረም። ሜዳው ላይ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ቆመ፣ ኮቴውም አብሮ ቆመ፣ ከኋላችን፣ ቅርብ።

አባቴ ዞሮ አላየም። «ዘግይተናል» አለ።

የገዢው የአቶ ማርቆስ ግቢ ከቢጠና ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። እሱና ሚስቱ በር ላይ አገኙን። አባቴ ከሞተሩ ሳይወርድ «ስለ እግሩ ልነግርህ ነው የመጣሁት» አለ።

«ቀድሞ ቢሆን ነበር፣ አባ» አለ አቶ ማርቆስ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ቢኖር ይሻለን ነበር። «ሐሙስ ሁለት ኬሻ በቆሎ ጫንኩበት። ወደ ወንዙ መውረጃው ላይ ወደቀ። በሰው ሸክም ነው ያስገባነው፣ ከዚያ ወዲህ አልቆመም።»

ቡላ ከቤቱ ጀርባ ገለባ ላይ ተኝቶ ነበር። የግራ የኋላ እግሩ ከጉልበቱ በታች አብጧል። ፀጉሩ ከአንገቱ እስከ ሆዱ በላብ ርሷል።

«ዛሬስ ግራ ገብቶናል» አለች ሚስትየው። «ከቀትር በኋላ እንደ ተኛ እግሮቹን ያወራጭ ጀመር፣ ውሻ እያለመ እንደሚሮጠው። ይሞታል ብዬ ጎረቤት ጠራሁ። አሁን እናንተ ልትመጡ ስትሉ ነው የተወው።»

አባቴ ፈረሱ ራስ አጠገብ ቁጭ አለ። ቡላ አላየውም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ቀረ። አባቴ ብዙ ቆየና «ማርቆስ፣ ሞተሩን ውሰድ» አለ።

አቶ ማርቆስ ሞተሩን ከሩቅ አየው። «ነዳጁን ማን ይገዛልኛል፣ አባ? ተወው። እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

«አንተ ሂድ» አለኝ አባቴ። «እኔ እዚህ ከሱ ጋር አድራለሁ።»

ቡላ በማግስቱ ሞተ፣ አባቴም ወደ ቤት የተመለሰው በእግሩ ነው። ሌላ ፈረስ አልገዛም፣ ሞተሬ ላይም ዳግመኛ አልወጣም፣ ስለዚያ መንገድ ሁለታችንም አውርተን አናውቅም፤ ልጠይቀው ስል ሌላ ወሬ ያነሳል፣ እኔም ቀና እላለሁ። አሁን እሱም የለም።

ያን ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተሩን አንዴም ሳላጠፋ በመጣንበት ወጣሁ። ምንጩ ያራሰው ጭቃ ጋ ስደርስ አቁሜ ወረድኩ። ስንወርድ የተውነው የጎማ ዱካ ነበር። በላዩ ላይ የፈረስ ሰኮና አርፎበታል፣ አቅጣጫው ወደ ቢጠና ነው፣ ሦስቱ ሙሉ ናቸው፣ የግራው የኋላ የረገጠው በጫፉ ብቻ ነው። ከጭቃው በላይም በታችም ያለውን አቧራ ጎንበስ ብዬ ፈተሽኩ። የጎማዬ ዱካ ብቻ ነበር።