ጋሽ ውሃልክ የሰቀሉት ሥዕል

ሬሳው የተገኘው በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። በየወሩ በዚያ ቀን የመንገዱ ጋለሪዎች በሙሉ በራቸውን ከፍተው ይውላሉ፤ መኪና አይገባም፤ ሕዝቡ ከአንዱ ሥዕል ቤት ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ በየደጁም ሙዚቃ ይጫወታል። ከሁሉ ትልቁ ጋለሪ የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ከወደቀ መሰላል አጠገብ፣ ጋሽ ውሃልክ በጀርባቸው ተዘርግተው ነበር።

ጋሽ ውሃልክ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዚያን መንገድ ሥዕሎች የሰቀሉ ሽማግሌ ናቸው። ውሃ ልካቸውን ሥዕሉ አናት ላይ አስቀምጠው ሳያዩ ከመሰላል ስለማይወርዱ ስሙ በዚያው ወጥቶላቸው፣ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን የሚያስታውስ አልነበረም።

መርማሪዋ ያን ቀን ተረኛ አልነበረችም። አዲስ ጫማ አድርጋ ከባሏ ጋር ሦስት በር አልፎ ካለው ጋለሪ ደጅ ሙዚቃ እያዳመጠች ሳለ ነው ሳጅኑ መጥቶ በጆሮዋ ሹክ ያላት። ሄዳ አየች። ከአጠገባቸው ባለ የድንጋይ ደረጃ ጠርዝ ላይ ደም አለ። ሥዕሉ ተሰቅሏል። ሽማግሌው አንገታቸው ሥር የተጣጠፈ ኮት አለ።

«ሥራቸውን ጨርሰው ሲወርዱ አዳልጧቸው ነው። ከመሰላል ወድቀው ብለህ ጻፍ» አለችና ፈርማ ተመለሰች። ባሏ የያዘላት ለስላሳ ገና እንደቀዘቀዘ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የሟች ሚስት ቢሮዋ መጡ። አላለቀሱም። የእጅ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ሥዕሉን አይተሽዋል ልጄ?»

«የትኛውን ሥዕል እትዬ?»

«የመጨረሻውን ነዋ። ትናንት መሣሪያዎቹን ልወስድ ሄጄ አየሁት። ወደ ግራ አንድ ስንዝር ሸሽቷል። የእኔ ሰውዬ እቤት የቀን መቁጠሪያ ሲሰቅል እንኳ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ይለካል።» ለመነሳት ቦርሳቸውን ያዙ። «ሌላው ደግሞ፣ ኮቱን አጣጥፎ አንገቱ ሥር ያደረገለትን ሰው አመስግኚልኝ። ብቻውን አልሞተም ብዬ የተጽናናሁት በዚያ ነው።»

መርማሪዋ ጆሮዋ ጋለ። ኮቱን ያየች ጊዜ ሬሳውን ያገኘችው የጋለሪው ባለቤት ያደረገችው መስሏት አልፋው ነበር። አንድ ጥያቄ ነበር የሚበቃው። አልጠየቀችም።

«ማን እንዳደረገው አጣራለሁ እትዬ» አለች፤ ዓይናቸውን ማየት ግን አቃታት።

የጋለሪው ባለቤት፣ መንገዱ በሙሉ ማዳም የሚላት ሴት፣ ጥያቄውን ስትሰማ ደረቷን ያዘች።

«እኔ? ጫፋቸውንም አልነካሁ። ደሙን ሳይ ወደ ኋላ አልኩ። ኮቱ እኔ ስገባም እዚያው ነበር።»

«ለምን ገቡ?»

«ጨርሰው እንደሆነ ላይ ነዋ። ክፍሉ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ዝግ ነበር። ሠዓሊው በአሥራ ሁለት እንግዶቹን ሰብስቦ የሚናገረው ነገር ነበረው። እስከዚያ ማንም ሥዕሉን እንዳያይ ብሎኝ ነበር።»

«ቁልፉ ማን ማን ጋ አለ?»

«እኔ ጋ፣ እሱ ጋ፣ እህቱ ጋ። ጋሽ ውሃልክን ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ከውስጥ ቆልፈው ነው የሚሠሩት፤ ሰው እላያቸው ላይ ሲቆም አይወዱም።»

በጋለሪው ደጅ ሲጫወት የዋለው ሳክስፎን ተጫዋች ደግሞ ልምምድ ላይ ተገኘ። መሣሪያውን እየወለወለ መለሰላት።

«አሥር ሰዓት ተኩል ግድም ከኋላ ድም አለ። ከበሮ መቺያችን ያለቦታው የመታ መስሎኝ አፈጠጥኩበት። እኔ አይደለሁም ብሎ ቢምልልኝ አላመንኩትም።» መወልወሉን ተወው። «ቢያንስ ዞር ብዬ ባይ ምን ነበረበት?»

«ማዳም ያኔ የት ነበረች?»

«ፊት ለፊቴ። ከአሥር እስከ አሥራ አንድ እንግዳ ስትጨብጥ በሩን አልለቀቀችም።»

መርማሪዋ ከሳጅኑ ጋር ወደ ኋላው ክፍል ገባች። ሥዕሉ ዝናብ ሲመጣ ከገመድ ላይ ልብስ የምትሰበስብ ሴት ነው፤ ዝናቡ ልብስ የሚያርስ እስኪመስል ድረስ ሕይወት አለው። አወረዱት። ከኋላው ግድግዳው ላይ ሁለት ምስማር አለ፤ ሁለቱም ከግድግዳው መሐል እኩል የራቁ። የሥዕሉ ሽቦ ተንጠልጥሎ የነበረው በግራው ብቻ ነው። ከክፈፉ የላይኛ ጠርዝ ላይ ደግሞ ሁለት አዳዲስ የብሎን ቀለበቶች ገብተዋል፤ የእንጨቱ ፍቅፋቂ ገና ወለሉ ላይ ነው።

«ሽቦ እያለው ቀለበት ምን ይሠራለታል?» አለ ሳጅኑ።

መርማሪዋ ሥዕሉን ገልብጣ አፍንጫዋን ወደ ሸራው ጀርባ አስጠጋች። መሐሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ፣ ቀለም የሚያስለቅቀው አኳራጅ ይሸታል። ጣቢያ ተመልሳም የሟቹን ኮት ከፌስታሉ አወጣችው። ሳይፈታ እንዳለ ነው። እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ ተወትፈዋል፤ ኮሌታው ወደ ታች ታጥፏል። እሱም አኳራጅ አኳራጅ ይላል።

ከሰዓት ወደ ሠዓሊው ቤት ሄደች። ሠዓሊው ስሙ የገነነ፣ በስልሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። እጆቹን ጠረጴዛ ሥር ደብቆ ተቀበላት። ታላቅ እህቱ ጥግ ላይ ሆና ብሩሽ ታጥባለች። እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ለሱ ስትል አላገባችም።

«በአሥራ ሁለት ሰዓት ምን ሊናገሩ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

ሠዓሊው ወደ እህቱ አየ። «ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?»

መርማሪዋ ወደ እህቱ ዞረች። «እርስዎስ ቅዳሜ ወደ ኋላው ክፍል ገብተው ነበር?»

«እኔ ብሩሽ አጣቢ ነኝ ልጄ፤ እዚያ ምን ሥራ አለኝ?» አለች እህቱ። ከአሮጌ ሸሚዝ የተረፈ ጨርቅ አነሳችና ሳታየው፣ እጅ ልማዱ ነውና፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ ወትፋ፣ ኮሌታውን ወደ ታች አጥፋ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው።

መርማሪዋ ሠዓሊውን ቃሉ ላይ እንዲፈርም እስክሪብቶ ሰጠችው። እጁን ሲያወጣ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ፊርማው መስመሩን ለቆ ወጣ። ቀና ብሎ አላያትም።

ማክሰኞ ጠዋት አምስቱም በኋላው ክፍል ተሰበሰቡ፤ ሚስትየው፣ ማዳም፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ፣ ሠዓሊውና እህቱ። ሥዕሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ከራሴ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ቅዳሜ ኮቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ከመሰላል ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ኮቱን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ አንገቱ ሥር አያደርግም። ሌላ ሰው ነበረ ማለት ነው። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እኔ ግን መዝናናቴን እንዳላጣ ብዬ ፈርሜ ሄድኩ።»

ወደ ሥዕሉ ዞረች።

«ሥዕሉ ከመሐል የሸሸው ለሁለት ምስማር የተለካው በአንዱ ብቻ ስለተሰቀለ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ሰቃይ ጋሽ ውሃልክ አይደሉም። እሳቸው የሰቀሉት በነዚህ ቀለበቶች ነው። ከላይኛው ጠርዝ ላይ የገቡት ሥዕሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ ሰው አድርጎ እንዲሰቀል ነው፤ ያኔ ሽቦው ከውጭ ስለሚቀር አያገለግልም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሕዝቡ እንዲያይ የተፈለገው የሥዕሉን ጀርባ ነበር።»

«ጀርባው ላይ ምን አለና?» አለች ማዳም።

«አሁን ምንም የለም። ቅዳሜ ግን ጽሑፍ ነበረበት። ሸራውን ሳይጎዳ በአኳራጅ ጠርጎ የወሰደው ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው። ማዳም በር ላይ ነበሩ። ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ይቀራሉ። ሠዓሊው ይህን ክፈፍ ማንሳት ቀርቶ ስማቸውን በወጉ መጻፍ ተስኗቸዋል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ኮቱ የታጠፈው ደግሞ እሳቸው ቤት ጨርቅ እንደሚታጠፍ ነው።»

ሠዓሊው እንደ ምንም ብሎ ተነሳ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥዕሎቹ የኔ አይደሉም። እጄ እምቢ ካለኝ አራት ዓመት ሆኖታል። የምትሥለው እሷ ናት፤ የምሸለመው እኔ ነኝ። ሰው ሲያጨበጭብልኝ ፊቴን የማሳርፍበት እያጣሁ ኖርኩ። ቅዳሜ እዚሁ እንደ ምንም ብዬ ስሟን ጻፍኩና ጋሽ ውሃልክን እንዲህ አድርገው ይስቀሉልኝ አልኳቸው። ይህን ያየሁ ቀን ደስ ብሎኝ እሞታለሁ አሉኝ።» ወደ እህቱ ዞረ። «እታለም፣ አንቺ አይደለሽም በይኝ።»

እህቱ ጉልበቷ ላይ ያረፉ እጆቿን ታያለች።

«ሰው ሁሉ ፊት ሊዋረድ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ውሸታም ሊሉት። ብሩሾቹን ልወስድ በጓሮ በር ስገባ አየሁት። ያውርዱት አልኳቸው። ቃል ገብቻለሁ አሉኝ። ልደርስበት ብዬ መሰላሉ ላይ ስወጣ ተናጋ። አልገፋኋቸውም። ወደቁ።»

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከወደቁ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ኖረዋል ይላል» አለች መርማሪዋ። «ሙዚቀኞቹ አሥር እርምጃ ራቅ ብለው ነበር። ለምን አልጠሩም?»

«ብጠራ ሰው ይገባል። ከገባ ያነባል። መጀመሪያ ስሜን ላጥፋ፣ ሥዕሉን ላዙር፣ ከዚያ እጠራለሁ ብዬ ነው። ስጨርስ ዝም ብለዋል።»

ሠዓሊው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ወደቀ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ነፍስ ነበረው ማለት ነው» አሉ ሚስትየው። «የተናገረው ነገር አለ?»

እህቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ኮቱን አንገታቸው ሥር ሳደርግላቸው፣ ‹ሰው ልትጠሪ ነው?› አሉኝ። ‹አዎ› አልኳቸው። ‹እግዜር ይስጥሽ› አሉኝ።»

ሚስትየው ቦርሳቸውን አንስተው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። መርማሪዋ እስከ በሩ ተከተለቻቸው። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ብቻ አንስተው አስቆሟትና መንገዱን ይዘው ሄዱ። የቅዳሜው የዝግጅት ወረቀት ገና በየግድግዳው እንደተለጠፈ ነው።

ተመልሳ ገባች። ሳጅኑ እህቱን ሊወስድ ቆሟል።

«መዝገቡን ስጠኝ» አለችው።

የቅዳሜውን ገጽ ገለጠችው። መቅደድ ይቻል ነበር፤ ማንም አይጠይቃትም። አልቀደደችውም። ፊርማዋን እንዳለ ትታ ከሥሩ፣ ሁሉም እያዩዋት፣ በራሷ እጅ መጻፍ ጀመረች፦ «ከላይ የሰፈረው ስሕተት ነው። ስሕተቱም የእኔ ነው።»